ቦሌ ያልደረሰችው ዶልፊን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። በሩንም ገርበብ አድርጉት፣ ከጭላሎ የሚወርደው ንፋስ ለጉንፋን ነው። የማወራችሁ በእኛው በአርሲ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሴትየዋን ግን አታውቋትም፤ እንዳትታወቅ ሆና የኖረች ነበረች።

ጀልባዋ የደምበልን ሐይቅ እየሰነጠቀች ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ስትጠጋ፣ ጠጂቱ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ነበር። ወለሉ ላይ የአሳ ቅርፊት ተጣብቋል። ሞተሩ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ያቅለሸለሻት ግን ሽታው አልነበረም። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

በእውቀቱ ይባላል። ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። ጋዜጣ ላይ ያለ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ እየቦጨቀ ይበላል፤ አጥንቱን እየመጠጠ ወደ ውሃው ይተፋል። ሲጨርስ ቅባት የጠገበ እጁን አጠገቡ በተቀመጠችው ልጅ የሂጃብ ጫፍ ጠረገው።

ልጅቷ ጫፉን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ሙቢና ትባላለች፣ የዲክሲስ ልጅ ናት። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የተዘጋጀላት ፓስፖርት ግን ሃያ አምስት ይላታል። ሰው ቤት ሠርታ የእናቷን ጣሪያ ቆርቆሮ ልታለብስ ነው የወጣችው። ደላላው ከፍተሻ ሊሸሽጋት ሐይቁ መሃል ባለ ደሴት ላይ ቤት ተከራይቶ አስቀምጧት ሰነበተ። ዛሬ ማታ ከቦሌ ትበራለች። ከእሷ በፊት በዚሁ መንገድ የሄደች አንዲት ልጅ በሳጥን ተመልሳለች። ጠጂቱ ያን ሳጥን ሲወርድ አይታዋለች።

ሙቢና አውሮፕላኑ ላይ መውጣት የለባትም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ደላላው ጠጂቱን የሚያውቃት «ፅዮን» ብሎ ነው። ልጆችን እንደ አክስት ሆና እስከ ኤርፖርት የምትሸኝ ሠራተኛው ናት። በድብቅ እንድትሰልል ለላኳት የመንግሥት ሰዎች ደግሞ «ቄጠማ» ናት። እሱን መያዝ ለእነሱ ቀላል ነበር። የሚያድኑት ሌላ ሰው ነው፤ እውነተኛውን ፓስፖርት በሐሰት ዕድሜ የሚያወጣውን፣ ኬላውን የሚያስከፍተውን የውስጥ ሰው። ስሙን ስላላወቁ «አምባዛ» አሉት። አምባዛን ታውቁታላችሁ፤ ጭቃ ውስጥ ይተኛል፣ ሲይዙት ያሟልጫል።

አምባዛ ዛሬ ፓስፖርቱን አሰላ ላይ ያቀብላል ተብሏል።

ዳርቻው ላይ ዶልፊኗ ቆማ ትጠብቃለች። በረራ ባለበት ቀን ከጀልባ የወረደውን፣ ከኦጎልቾና ከአሰላ የተገኘውን ለቅማ በቀጥታ ቦሌ የምታደርስ የጋራ መኪና ናት። ደላላው የመረጣትም ለዚሁ ነው። ሰው በበዛበት አንዲት ልጅ አትታይም።

«ጭነቱን ተረከቢ፣» አለ ሙቢናን በክርኗ እየገፋ።

«ስም የላትም?»

«ቦሌ ስትደርስ ስም ይሰጣታል።» ሳቀ። ጥርሱ መሃል የአሳ ሥጋ ነበረበት።

ጠጂቱም አብራው ሳቀች። ሥራዋ ነው። ሳቋ ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዝንብ ቀረ።

ሹፌሩ ኢብሳ ሻንጣ እየጫነ ይለፈልፋል። «አሳ የያዘ ካለ ከላይ ይጫን። ባለፈው አንዱ ከወንበር ሥር ረስቶት ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ እስከ አዳማ ጫማህን አታውልቅ እያለ የሰደበው እኔን ነው።»

ደላላውም አብሯቸው ተሳፈረ። ኦጎልቾን አለፉ። የሽንኩርቱ ማሳ አለቀና ዳገቱ መጣ። ብርዱም መጣ። ጠጂቱ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። አንገት ላይ ከሆነ «ሁሉም ደህና» ማለት ነው። ራሷ ላይ ካሰረችው «ድረሱልኝ»። አሰላ መግቢያ፣ ጎሚስታው በር ላይ የሚቀመጥ ሰው አይቶ ለጋሼ ሣህሌ ይደውላል።

ጋሼ ሣህሌ አለቃዋ ናቸው። ለዚህ ሥራ የመለመሏት፣ ያስተማሯት፣ ቤታቸው ወስደው በእጃቸው ያጎረሷት ሰው። ያየችውን ሁሉ የምትነግረው ለእርሳቸው ብቻ ነው።

ጎሚስታው ጋ ደረሱ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ኢብሳ ቆመ። መጀመሪያ የገቡት አዴ ፈይሩዛ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። በእጃቸው ቀጭን ለስላሳ በትር ይዘዋል። ደላላው በትሩን ሲያይ ጉልበቱን ሰበሰበ። የአሰላ ተወላጅ ነውና ያውቀዋል። ሲንቄ ነው፤ እናት ለምትድር ልጇ የምትሰጣት በትር። የአርሲ ሴቶች ተጠርተው ሲንቄ ይዘው ከወጡ ወንድ አያልፋቸውም። ከበትሩ ኋላ የተጠለለም አይነካም።

«አዴ፣ በሲንቄ ወዴት ነው?» አለ ኢብሳ።

«ኢተያ ሳትደርስ ታወርደኛለህ። አንዱ ባለጌ አራስ ሚስቱን መታ። ሴቱ ሁሉ ወጥቷል።»

«እንግዲያው መንገዱ ተዘግቷል በሉኛ።»

«አንተ ምን አስቸኮለህ? አውሮፕላኑን የምታበረው አንተ አይደለህ።»

መኪናው ሊነሳ ሲል አንድ ሰው በሩን ይዞ ገባ። ግራጫ ጃኬት ለብሷል፣ አፉ ውስጥ ከረሜላ ያላምጣል። ጠጂቱ አጠገብ ተቀመጠ። አንገቱን ሳያዞር በጉልበቷ ላይ አሻግሮ ከፊት ለተቀመጠው ደላላ ፖስታ አቀበለ።

እጁን ታውቀዋለች።

ያጎረሳት እጅ ነው።

«ሻርፑን ፍቺው፣ ፅዮን፣» አለ ሣህሌ፣ ደላላው እንዳይሰማ ጆሮዋ ሥር በሹክሹክታ። «የሚያይሽ ሰው የለም።»

ከዚህ ወዲያ እኔም አንቱ አልለውም፣ ልጆቼ።

«ጋሼ... እርስዎ ነዎት?» አለች እሷም በሹክሹክታ።

«ፖስታውን የሚያመጣው ልጅ ታመመ። በረራው ደግሞ ዛሬ ነው። ምን ላድርግ?»

«አምባዛን ፈልጊ ብለው የላኩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አለቆቼ ፈልግ አሉኝ። እኔን የሚፈልገኝ ሰው ለእኔ ብቻ የሚያወራ ቢሆን ይሻላል ብዬ አንቺን መረጥኩ።» ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዞረ። «ጎበዝ ነሽ። ሸኝተሽ ያጎደልሽው የለም። እስካሁን በነፃ ሠርተሻል፤ ከዛሬ ጀምሮ ድርሻ ይኖርሻል።»

«ካልፈለግኩስ?»

«ለበእውቀቱ ማን እንደሆንሽ እነግረዋለሁ። እሱ የሚያደርገውን ያውቃል። ስልክሽን።»

ሰጠችው።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ስንዴው ቢጫ ሆኖ እስከ ተራራው ሥር ተኝቷል። ያን ቀን ከእጁ የጎረሰችው ምግብ ዛሬ ከነቅቤው ወደ አፏ የመጣ መሰላት። የሸኘቻቸውን ልጆች ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመረችና የአንዷ ስም ጠፋባት። ከሁሉ የባሰ የቀፈፋት ይኸኛው ነው።

ሙቢና ዞር ብላ «አክስቴ፣ አውሮፕላን ያስመልሳል?» አለቻት።

«ያስመልሳል፣ ልጄ።»

ኢብሳ ፍሬን ያዘ።

አስፋልቱ ላይ ሴቶች ቆመዋል። ብዙ ናቸው። በትሮቹን አግድም ይዘው በዝግታ ይዘምራሉ። ከመንገዱ ግራ ባዶ ሜዳ አለ፤ መኪና ያሳልፋል። ኢብሳ ወደዚያ አላየም እንኳ። ሞተሩን አጠፋ።

«በጎን በኩል እለፍ፣» አለ ሣህሌ።

«በየት?»

«በሜዳው ነዋ። በረራ አለብን።»

ኢብሳ በመስታወት አየው። «የየት አገር ሰው ነዎት፣ ጌታዬ?»

«አሰላ ስኖር አንተ ዳዴ ትል ነበር።»

«እንዲያ ከሆነ ይቀመጡ።»

አዴ ፈይሩዛ በሩን ከፍተው ወረዱ። ጠጂቱ የሙቢናን እጅ ያዘች። ሣህሌ ክንዷን ጨበጠ። ጣቶቹ ሥጋዋ ውስጥ ገቡ።

«ተቀመጪ።»

«ልቀቀኝ፣ አንተ።»

አንተ ስትለው ደነገጠ። ለአንድ አፍታ እጁ ላላ።

ዘለለች።

ልጅቷን እየጎተተች ሮጠች። ጫማዋ ወለቀ። አሮጊቷ ጋ ደርሳ ከበትሩ ኋላ ተንበረከከች። ራሷ አላገባችም፣ ይህ ሥራ ለማግባት ፋታ አልሰጣትም፤ የራሷ ሲንቄ የላትም። በሰው በትር መጠለል ነበረባት።

«አዮ፣ እናቴ፣ አስጠልሉን፣» አለች በኦሮምኛ። «ይቺን ልጅ ሊሸጧት ነው።»

ዝማሬው ቆመ።

«አንቺስ ማን ነሽ?» አሉ አዴ ፈይሩዛ። «የማን ልጅ ነሽ? ጎሳሽ ማን ነው? የማናውቀውን አናስጠልልም።»

ደላላው ከመኪናው ወርዶ ይሰማል። ይህን ታውቃለች። ፅዮን ነኝ ብትል፣ ከየትኛው የፅዮን አያት ትቆጥራለች? ለዓመታት የቀበረችውን አወጣችው።

«ጠጂቱ እባላለሁ። ጠጂቱ ደገፋ። የአርቦዬ ልጅ ነኝ።» አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን፣ ጎሳዋን ጠራች። አንዱንም አልተሳሳተችም።

ሴቶቹ ከበቧት።

በእውቀቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ስሟንና አገሯን ሰምቷል፤ በትሩንም ያውቃል። ፖስታውን ጥሎ በስንዴው ውስጥ ሮጠ። ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ጅብ። ማንም አልተከተለውም።

ሣህሌ ግን አላወቀም። ስንት ዘመን አሰላ ኖሮ፣ ኬላውን ሁሉ ገዝቶ፣ ይህን አልተማረም። ጃኬቱን አስተካክሎ መጣ።

«እናቶች፣ የመንግሥት ሥራ ነው። ሴትየዋ ወንጀለኛ ናት።»

«ወንጀሏን ሽማግሌ ሲመጣ ትነግረናለህ። አንተ ከዚያ ወዲያ ቁም፣» አሉ አዴ ፈይሩዛ።

«በዱላ ልታስቆሙኝ ነው?»

እጁን ሰዶ የአዴ ፈይሩዛን ሲንቄ ገፋው።

በትሩ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

ቀጥሎ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ጮኹ። ከየማሳው ወንዶች ብቅ ብቅ አሉ፤ ቀርበው ግን አልገቡም፣ ራቅ ብለው ቆሙ። ተሳፋሪው በሙሉ ከመኪናው ወርዶ ከሴቶቹ ኋላ ተሰለፈ። ኢብሳ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሣህሌ እጁን ወደ ጃኬቱ ውስጥ ሰደደ። ሁሉም ምን እንደያዘ ገባቸው።

አንዲትም ሴት አልተንቀሳቀሰችም።

እጁን ባዶውን አወጣው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማንን ይመታል? መሬት ላይ አስቀመጡት። ሽማግሌ እስኪመጣ፣ ጥፋቱ እስኪቆጠር፣ የካሣ ጊደር እስኪቀርብ ከዚያች ቦታ ፈቅ አይልም። ሕጉ ነው። አስፋልት ላይ ተቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ከረሜላው ከአፉ ወደቀ፤ ጉንዳን ወረረው።

ጠጂቱ የኢብሳን ስልክ ለመነች። በልቧ የያዘችው አንድ ቁጥር ነበር፤ ከሣህሌ በላይ ላሉት፣ አባል ሲሞት ብቻ የሚደወልበት። በዚያ ቁጥር የተጠራ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም፣ ይመጣል።

«ቄጠማ ሞታለች፣» አለች። «ገዳይዋ ኢተያ መዳረሻ ላይ ተቀምጧል። አምባዛ እሱ ነው። ፓስፖርቱ እዚህ አለ።»

«የሚናገረው ማን ነው?»

ዘጋችው።

ሙቢና በትሮቹ መሃል ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጠጂቱ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ገፋቻት።

«ማን ጠየቀሽ? የእናቴ ቆርቆሮስ?»

የደላላው የእጅ ቅባት አሁንም ሂጃቧ ላይ ያብረቀርቃል። ጠጂቱ ሻርፗን በውሃ ነክራ ያንን ብቻ ጠረገችላት። ልጅቷ ይህን አልከለከለቻትም።

ከአዳማ ሁለት መኪና መጣ። ሣህሌን ወሰዱት፣ እስካሁንም አልወጣም። ሙቢና ዲክሲስ ተመለሰች። ለጠጂቱ ግን ለብቻዋ ነገሯት። ደላላው አምልጧል፤ ፊቷን፣ ስሟን፣ አገሯን ይዞ ነው የሄደው። በሕይወት እንዳለች ካወቀ አርቦዬ እናቷ ደጃፍ ይደርሳል። «ሞታለች ብለሽ ደውለሻል፣» አሏት። «እንደሞተች ትቆይ።»

አርቦዬ ላይ ድንኳን ተተከለ። መዘምራኑ መጥተው ዘመሩ፣ ሰባኪውም አጽናና። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ክፉ ነው፤ እናት እጇን የምታሳርፍበት ታጣለች። አዴ ፈይሩዛ ተሳፍረው ሄደው ከእናቲቱ ጎን ተቀመጡ። እንዳይናገሩ ቃል ገብተዋል። ልጅሽ አለች ሊሉ አፋቸው ላይ ደረሰ። ዋጡት።

ዛሬ እሷ ሌላ ስም አላት፣ ሌላ ከተማ አላት። ገበያ ላይ ተጋፍታችኋት አልፋችሁ ይሆናል፤ ይቅርታ ብላችሁ፣ እሷም ምንም አይደል ብላ። አሳ አትበላም ይባላል። ሌላውን አላውቅም፤ ባውቅም አልነግራችሁም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መሽቷል። ካወራሁት ብዙው ቢጠፋባችሁ ግድ የለኝም። ጠጂቱ ደገፋ የምትባል ሴት እንደነበረች ግን እባካችሁ ያዙልኝ። ያን ስም እናቷ ብቻዋን እንዳትሸከመው።