የታምሬ ረሃብ

ዶክተር ፈቲያ ስልካቸውን ወደ ሐመልማል አዞሩት። ፎቶው ላይ ሁለት አይጦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው እንደማንኛውም አይጥ ነው። ሁለተኛው ግን ከመወፈሩ የተነሳ አንገት የለውም፤ እግሮቹም ከሆዱ ሥር ጠፍተዋል። ዶክተሯ ጦርነቱ ሳያፈናቅላቸው በፊት ካርቱም ውስጥ በቤተ ሙከራ የሚያጠኗቸው እንዲህ ያሉ አይጦችን ነበር። አሁን በምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የሠፈር ክሊኒክ ሕፃናት ያክማሉ።

ከአይጡ ወደ ታምሬ አመለከቱ። ታምሬ የሐመልማል ታናሽ ወንድም ነው፤ አራት ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ ግን ከእሷ ብዙም አያንስም። እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ባዶ የብስኩት ላስቲክ ይልሳል።

ዶክተሯ ሲናገሩ ይፈጥናሉ። ሐመልማል ደግሞ ዓረብኛ የለመደችው ከገበያና ከሠፈር ልጆች ነው። «ሆርሞን» አሉ፤ «አንጎል» አሉ፤ ግማሹ አመለጣት። አንድ ነገር ብቻ ጆሮዋ ላይ ቀረ።

«አል-ሙስተቅቢል ኸርባን።»

እሷ የሰማችው ግን «ሙስተቅበል» ብላ ነው። ኸርባን የተበላሸ ነገር ነው፤ ባለሦስት እግሩ ሬክሻ አልነሳ ሲልም ሰው ኸርባን ይላል። ሙስተቅበል ደግሞ ወደፊት፣ መጪው ጊዜ ነው። የልጁ ወደፊት ተበላሽቷል። ታምሬ ሳያድግ ይሞታል ማለት ነው።

«ምን አሉ?» አለች ዓረብኛ ብዙ የማትሰማው እናቷ ውዴ።

ምን ትበላት? ያንን ቃል ለእናቷ የምትናገርበት አፍ ከየት ታምጣ?

«ብዙ ስለሚበላ ነው አሉ» አለች፣ አፏ ላይ የመጣላትን። «ምግቡን ቀንሱለት አሉ።»

ዶክተሯ «እሑድ ተመለሱ፤ የሁላችሁንም ደም እወስዳለሁ» ያሉትንም ዋጥ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። ውዴ ሰሊጥ ልትነፋ ወደ እህል ገበያው ከመሄዷ በፊት ዳቦውንም ስኳሩንም ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። «ኸላስ፣ በቃ! ሐኪም እንኳ ሆዳም ብሎሃል!» ትለዋለች። ታምሬ ሳጥኑን በግንባሩ እየመታ ያለቅሳል። የቅብጠት ልቅሶ አይደለም፤ የተራበ ሰው ልቅሶ ነው። ሐመልማል ሲያለቅስ ትፈራለች፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስባታል። ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ ብላ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ትመለከታለች። እሑድ መጣ፤ አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠበች ሳለ የታምሬ ድምፅ ጠፋ።

ጎረቤታቸው ባንታምላክ ገበሬ ነው። ለክረምቱ የሚዘራውን ማሽላ በጆንያ አድርጎ በረንዳው ላይ አስቀምጦታል። ተባይ እንዳይበላው መርዝ የተለወሰ፣ ሰውም እንዳይሳሳት ቀይ ቀለም የተቀባ ዘር ነው። ሐመልማል ሮጣ ስትደርስ ታምሬ ጆንያውን ቀዶ፣ ጭቃው ላይ ተዘርፍጦ፣ ዘሩን በሁለት እጁ ይዞታል። ከንፈሩ ቀይ ነው።

«ትፋ! ታምሬ፣ ትፋው!» ጣቷን አፉ ውስጥ ከተተች። ፍሬ አወጣች፤ ሌላም አወጣች። «ዋጥክ? ንገረኝ፣ ዋጥክ ወይ?»

«ራበኝ» አላት። ሌላ አልተናገረም።

ልታነሳው ብትሞክር አቃታት። እየጮኸች ጎትታ መንገድ ላይ አወጣችው፤ የሬክሻ ነጂው ወርዶ ባያግዛት ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር። ለእናቷ ስትደውል ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ስለነበር ውዴ የሰማችው «መርዝ» እና «ክሊኒክ» የሚሉትን ብቻ ነው።

ዶክተር ፈቲያ አፉን አጠቡት፤ ዐይኑን አዩ፤ ትንፋሹን ደጋግመው አዳመጡ። ሐመልማል ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። መጠበቁ አላልቅ አላት።

«ቢውጥም ጥቂት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን እስኪመሽ ከዐይኔ አይርቅም።»

ያኔ አፏ ተፈታ። «ዶክቶራ፣ ሙስተቅበሉ ከተበላሸ… መቼ ነው የሚሞተው?»

«ሙስተቅበሉ ተበላሸ ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ።»

ዶክተሯ ግንባራቸውን ያዙ። «ያ ቢቲ፣ ልጄ! ሙስተቅ-ቢል ነው ያልኩት። ቢል! ተቀባይ ማለት ነው።» ከዚያ ቀስ እያሉ አስረዷት። «ስባችን ወደ አንጎል የሚልከው ሆርሞን አለ፤ በቃ፣ ጠግበናል የሚል። የእነዚያ ወፍራም አይጦች ተቀባይ በዘረመል ለውጥ ሲወለዱ ጀምሮ የተበላሸ ነው። መልእክቱ ይላካል፤ የሚቀበለው የለም። አይጡ እየወፈረም አንጎሉ በረሃብ አለቅን ይለዋል። ወንድምሽም እንደዚያ ይመስለኛል። ደም የፈለግሁት ለማረጋገጥ ነበር። ምነው ቀራችሁ?»

ሐመልማል እፎይ ልትል ፈልጋ አልቻለችም። ታምሬ ሆዳም አልነበረም። እንደዚያ ሲያለቅስ በእውነት ርቦት ነው፤ ሳጥኑን ያስቆለፈችበትም እሷ ናት።

ውዴ ፀጉሯ ላይ የሰሊጥ ገለባ እንደተበተነ ገባች። ልጇን አገላብጣ አየችው፤ በሕይወት መኖሩን ስታውቅ ደግሞ ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ዞረ። «አንተ የማትጠግብ! ልትገለኝ ነው?» ብላ እጇን አነሳች።

ሐመልማል መሀል ገባች። «እማየ፣ እሱን አትምችው። ያን ቀን የነገርኩሽ ሐኪሟ ያሉትን አይደለም። ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ።»

አይጦቹን፣ ተቀባዩን፣ የቀረውን እሑድ ሁሉንም ነገረቻት። የውዴ እጅ ቀስ ብሎ ወረደና የታምሬ ራስ ላይ አረፈ። ሐመልማልን ሳታይ፣ «መድኃኒት አለው ወይ በያቸው» አለች።

ሐመልማል በዓረብኛ ጠየቀች፤ ዶክተሯ መለሱ። አሁን በፍጥነት አልተናገሩም፤ ሐመልማልም እያንዳንዱ ቃል ገባት። ቀና ስትል የእናቷ ዐይኖች አፏ ላይ ተተክለዋል። «አለ» ብላ ዝም ብትል ይበቃ ነበር።

«አለ አሉ።» የውዴ ፊት ሊፈካ ሲጀምር ሐመልማል ትንፋሿን ሳበች። «እዚህ አገር ግን የለም። ይመጣ እንደሆነም አላውቅም አሉ።»

ውዴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቀጥይ» አለች።

ሐመልማል ቀጠለች።