የኢንጂነር ባንግ የመጨረሻ መለኪያ

ቼሪን የተጠቀለለችውን ወረቀት በዓሣው አፍ ውስጥ ሸጎጠች።

«ይሄን ይቀይሩልኝ እትዬ፣ ሸትቷል!» አለች ጮክ ብላ።

እትዬ ማልሱን ዓሣውን ተቀብለው አገላበጡት። በወደብ ከተማዋ በቶንግዮንግ ገበያ ሃያ ዓመት ዓሣ ሸጠዋል። ሃያውንም ዓመት ለስለላ ድርጅቱ መልእክት አቀብለዋል።

«የኔ ዓሣ ነው የሚሸተው? አፍንጫሽን ታጠቢ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ገዳዩ ማን ነው?»

«ሸማኔ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «እርግጠኛ ነሽ፣ መርፌ?»

«በደንብ።»

ቼሪን፣ የምሥጢር ስሟ መርፌ፣ ንድፍ ሠሪ ተብላ መርከብ ፋብሪካው ከገባች ሰባት ወሯ ነው። የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ንድፍ እየወጣ ይሸጣል፤ ሥራዋ ሻጩን ማግኘት ነው። ሁለት ባልደረቦች አብረዋት ገብተዋል። ሶኑ፣ የምሥጢር ስሙ መልህቅ፤ ዮንጁ፣ የምሥጢር ስሟ ሸማኔ። ሁለቱ ባልና ሚስት መስለው ነው የሚኖሩት። ለሥራ ብቻ። ሶኑ የቼሪን እጮኛ መሆኑን ድርጅቱ አያውቅም፤ ቢያውቅ ይለያያቸዋል። ስለዚህ ዝም አለች። ሌላ ሴት ሸሚዙን ስትተኩስለት፣ ኮሌታውን ስታስተካክልለት እያየች ሰባት ወር ሙሉ አንጀቷ አረረ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዋናው መሐንዲስ ባንግ በመሥሪያ ቤቱ የምሳ ግብዣ ላይ ሶጁ አረቄ ጠጥተው ተዝለፈለፉ። ፖሊስ «ልብ ነው» አለ። ድርጅቱ መለኪያው ላይ መርዝ አገኘ። መለኪያው የዮንጁ ነበር። እንደ ደንቡ፣ ታናሽ ናትና የራሷን ጨልጣ፣ ባዶውን በሁለት እጇ ለትልቁ ሰውዬ ሰጥታ ቀዳችላቸው። ጠጥታ ስታበቃ መርዙን ጨመረችበት፤ ቼሪን የጻፈችው ይህንን ነው። ስትጽፈው ደስ ብሏት ነበር።

«እንግዲህ ስድስት ሰዓት ላይ መልህቅ ራሱ በጀልባ ይወስዳታል፤ መለኪያው የእሷ ስለነበር ጠዋት ታዟል» አሉ እትዬ ማልሱን። «ምርመራው ደሴቱ ላይ፣ በድርጅቱ ቤት ነው።»

እሰይ፣ አለች ቼሪን በሆዷ። ዞር አለች።

ዮንጁ ከፊቷ ቆማለች።

ሰምታ ይሆን? ቼሪን እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ዮንጁ ግን አፏን ይዛ ወደ ቦዩ ሮጠችና አስመለሳት።

«ሽታው ነው እህትዓለም… ፋብሪካ ሳጣሽ እዚህ መጣሁ። ሶኑ በጀልባ እንሂድ አለኝ፣ ምን ተገኘ?»

«ቶንግዮንግ ተወልደሽ ዓሣ ሸተተሽ?» አለች ቼሪን። ከዚያ ገባት። «ስንት ወርሽ ነው?»

«ሁለት ተኩል። ለሶኑም ገና አልነገርኩትም። አደራሽን፣ ከሥራ ያስወጡኛል።»

ለሥራ ብቻ! ቼሪን ድብን አለች። በጥፊ ልታጮላት እጇ ተነስቶ ነበር።

«አታፍሪም? እርጉዝ ሆነሽ በምሳው ቀን ሶጁ ትጨልጫለሽ?»

«የት ጠጣሁ? የጠጣሁ አስመስዬ ፎጣ ላይ ደፋሁት እንጂ። አልጠጣም ብል እነዚያ አለቆች ይለቁኛል? ከዚያ ባዶውን ለጋሽ ባንግ ሰጠኋቸው። ነፍሳቸውን ይማር።»

አልጠጣችም።

መርዙ ከመጀመሪያውም መለኪያው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ባንግን የጠላቸው የለም። የሞቱት ትልቁ ሰው ስለሆኑ ሁሉም የትልቁን ሰው ጠላት ሲፈልግ ከረመ። ልትሞት የነበረችው ዮንጁ ናት።

በዚያ ገበታ ላይ ለራሱ የሚቀዳ የለም፤ አጠገቡ ያለው ይቀዳለታል። ከዮንጁ አጠገብ የነበረው ሶኑ ነው። ቼሪን ፊት ለፊት ተቀምጣ ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። የዮንጁን መለኪያ በወረቀት መሐረብ ውስጡን ቀስ አድርጎ ሲጠርግላት አይታለች። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ጠርጎልኝ አያውቅም ብላ መጸዳጃ ቤት ገብታ አልቅሳለች።

ጠርጎ አልነበረም። ቀብቶ ነበር።

«ሶኑ ዘንድ የሰርጓጅ መርከቡን ንድፍ አይተሻል?»

«አንዴ፣ ቦርሳው ውስጥ። ሻጩን ማጥመጃ ነው አለኝ። ምነው?»

ቼሪን ዝም ብትል ዮንጁ ጀልባዋ ላይ ትወጣለች፤ አትመለስም። ሶኑም ለእሷ ይቀራል። አሰበችው። ደህና አድርጋ አሰበችው።

«እትዬ! ወረቀቱን ይቅደዱት። ይቺን ልጅ በረዶ ቤቱ ውስጥ ይደብቋት። ገዳዩ መልህቅ ነው። ሰው ይስጡኝ።»

«አንቺ፣ ቅድም በደንብ አላልሽም?»

«ቀንቼ ነው።»

ስድስት ሰዓት። ሶኑ የጀልባዋን ገመድ እየፈታ ነበር።

«ዮንጁስ?»

«አትመጣም።»

ሶኑ ዙሪያውን ቃኘ። ፈገግ አለ፤ ያ የምትወደው ፈገግታ። «እንግዲያው አንቺ ግቢ። የመጨረሻው ንድፍ ይኸው፤ ሸጠን እንጠፋለን። ከአሁን በኋላ ሁለታችን ብቻ ነን። የታገሥሽው ለዚህ አይደል?»

ይህንን ለመስማት ሰባት ወር ጠብቃለች። እግሯ ወደ ጀልባዋ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ለምን ልትገድላት ፈለግክ?»

«ቦርሳዬን አየቻ። ደግሞ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትጠያት? ለእኔ ምንም አይደለችም።»

«ጋሽ ባንግስ?»

«ምን ላድርግ፣ ዕድላቸው ነው።»

ከኋላዋ የጎማ ቦት ጫማ ያደረጉ ሦስት ዓሣ ተሸካሚዎች ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። ሶኑ አያቸው። ቼሪንን ጎትቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት።

የቢላ ስለት አንገቷ ላይ አረፈ።

«ይራቁ በያቸው!»

«ሁለት ወር ተኩሏ ነው» አለች።

«ምን?»

«ዮንጁ። ያንተን ልጅ አርግዛለች።»

ቢላው ተንሸራተተ፣ አንገቷን ሰነጠቀ፣ ወደቀ። ሦስቱ ሰዎች ሶኑን መሬት ላይ ደፉት። አልታገለም።

«የት ናት? ደህና ናት ወይ? ቼሪን፣ የት አደረግሻት?» እያለ ይጮኻል። ያለቅሳል። ቼሪን ደሙ በጣቶቿ መሃል እየወረደ ቆማ ጠበቀች። አንቺስ ተጎዳሽ ወይ አላላትም።

ከሳምንት በኋላ እትዬ ማልሱን አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መጥተው አዲሱን መታወቂያ በዓሣ ወረቀት ጠቅልለው ሰጧት።

«ዮንጁ ላመስግናት እያለች ታስቸግረኛለች። ያተረፈቻትን ሴት።»

«መጀመሪያ የከሰሳትስ ማን እንደሆነ ነገሯት?»

«እኔ ምን አገባኝ።»

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ። ቼሪን የአንገት ልብሷን ቁስሏ ላይ አጥብቃ ጠመጠመች፤ ከቲኬቱ ላይ የማታውቀውን ስሟን አነበበች።

«እትዬ» አለች ደረጃው ላይ ቆማ። «ልጁ ሲወለድ፣ እሱን ከመሰለ… አደራዎን፣ እንዳይነግሩኝ።»