ልክክ ያለው ቦት ጫማ

አስከሬኑ ማለዳ ላይ የወደቡ መሰላል ሥር ውሃው ሲያላጋው ተገኘ። ረፋድ ላይ መርማሪዋ ከመርከብ ስትወርድ ደሴቱ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት፤ ምክር ቤቱ ለሟቹ ከማዘኑ በፊት ገዳይ መርጦለት ነበር።

«ገዳዩ ስደተኛው ልብስ ሰፊ ነው» አላት ከንቲባው። «ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሁሉ አይቷል። ጎህ ሲቀድ ጀልባው ላይ ሊወጣ ሲል ገፍቶ ጣለው። ቀትር ላይ እርስዎ በመጡበት መርከብ አርባውንም ስደተኞች ጠራርገን እንሸኛለን።»

«መርከቡን ይተዉትና ሟቹን ያሳዩኝ!»

ሟቹ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አርባውን ስደተኞች ከባሕር ያወጣው እሱ ነው። ይቆዩ ወይስ ይባረሩ በሚለው ሦስት ለሦስት የተከፈለው ምክር ቤት ዛሬ የሚጠብቀውም የሰባተኛውን አባል፣ የእሱን ድምፅ ነበር። ማጅራቱ ተሰንጥቋል። መርማሪዋ ቦት ጫማውን ለማውለቅ ብትታገል እንደ ሙጫ ተጣብቆ አስቸገራት። ቁጥሩ አርባ ሁለት፤ ውስጡ የምክር ቤቱ ማኅተም አለበት።

ቤቱ ስትሄድ ሌላ ቦት ጫማ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የእሱ ነዋ!» አለች ሚስቱ።

«አርባ አራት ይላል እኮ።»

«ልጄ፣ እዚህ ባሕር የሚወጣ ሁሉ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ነው የሚገዛው። ሰው ከወደቀ እግሩን ሲያራግፍ ይወልቅለታል። ልክክ ካለማ ውሃ ሞልቶ ይዞት ይወርዳል። ጡት ያልጣለ ልጅ የሚያውቀውን!»

«ትናንት ምን ተጫምቶ ወጣ?»

«የስብሰባ ጫማውን። ‹ምክር ቤት ደርሼ መጣሁ› እንዳለ ቀረ።»

«ከልብስ ሰፊው ጋር ያጨቃጨቃቸውስ?»

«‹ሰው ልታወጣ ስትሄድ ውሰደኝ› ይለዋል፤ የኔው ደግሞ ‹መጀመሪያ መዋኘት ተማር!› ብሎ ይጮህበታል። ይሄ ጠብ ነው?»

ቀትር ሊሆን ሲል መርማሪዋ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ልብስ ሰፊው በሁለት ዘበኞች መሃል ቆሟል።

«ይህ ቦት ጫማ ከምክር ቤቱ መጋዘን የወጣ ነው። ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

«በእኔና በከንቲባው» አለ የመጋዘን ኃላፊው፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ድሮ ሥራህ ምን ነበር?»

«ሃያ ዓመት ዓሣ አጥማጅ።»

«የእግርህ ቁጥር?»

«አርባ አንድ።»

«ቦት ጫማህስ?»

«አርባ ሦስት ነዋ!» ጥያቄው ራሱ አስገርሞታል።

«ሟቹ እዚሁ ነው የሞተው፤ በስብሰባ ጫማው። ገዳዩ በዚያ ጫማ ጀልባ ላይ የሚወጣ እንደሌለ ገባው። አወለቀው፤ ቁጥሩን አየ፤ ከመጋዘኑ ልኩን መርጦ አጠለቀለት። ባሕር የሚያውቅ ሰው ልኩን አይመርጥም። ቁልፉን ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ አጥማጅ ነበር። እርስዎስ፣ ክቡር ከንቲባ? ጀልባ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

ከንቲባው ወንበሩን ጨበጠ። «ድምፅህን ለውጥ ብዬ ለመንኩት... ደረጃው ላይ ገፋ ነው ያደረግኩት... ገፋ ብቻ!»

ይባረሩ ካሉት ሦስት ድምፆች አንዱ የእሱ ነበር። በቀሩት አምስት ሲቆጠር፣ ይቆዩ ያሉት ሦስት፣ ይባረሩ ያሉት ሁለት ሆኑ። መርከቡ ከመርማሪዋ ጋር አንድ ሰው ብቻ አሳፍሮ ሄደ።

ከልብስ ሰፊው ይቅርታ የጠየቀ አንድም አልተገኘም። የሟቹ ሚስት ግን ከበሩ ጀርባ ያለውን ቦት ጫማ አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችው።

«ይሰፋሃል» አለችው። «ደግሞ መዋኘት ተማር።»