ሦስተኛው ቁልፍ

ዘበኛው «ድሮኖቹ እንደ በረዶ ባንዴ ረገፉ» አሉ። የሙከራ ጣቢያው ዋና መሐንዲስ ደግሞ «ማሽኑ ዛሬ አልተተኮሰም፤ ነፋሱ ስለበረታ ድሮኖቹን አሳረፍናቸው» አለ። በሁለቱ ቃል መካከል የሽማግሌው ቴክኒሻን አስከሬን ሜዳው ላይ ተጋድሟል።

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ደረቱ ላይ የቆየ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ፤ ከሥሩ የልቡን ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ተቀብሯል። አንገቱ ላይ በገመድ የታሰረ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«እሱን ቁልፍ ይዩት» አላት መሐንዲሱ። «ማሽኑ በመንጋ የሚበሩ ድሮኖችን ሆድ ዕቃ በማይክሮዌቭ ጨረር ያቃጥላል። ሦስቱ ቁልፎች ገብተው አረንጓዴው መብራት ካልበራ ግን አይተኩስም፤ ቁልፎቹም የኔ፣ የእህቴና የሱ ናቸው። ወደ ሜዳ የሚወርድ ሰው ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል። ምስኪን፣ ልቡ ነው የከዳው።»

«ነገ ሙከራ አለባችሁ አሉ?»

«አዎ፤ ወታደሮቹ እዚሁ ሜዳ ላይ ሆነው ድሮን ያስነሳሉ።»

እየዞረች ድሮኖቹን አየች፤ ከዚያ ወደ ዘበኛው ሄደች።

«አባት፣ አምቡላንስ የጠሩት በእጅ ስልክዎ ነው?»

«የት አባቱ፤ ድሮኖቹ ሲረግፉ እሱም አብሮ ሞተብኝ። እስከ ቢሮ ስሮጥ ሳንባዬ ሊወጣ ነበር። አለቃዬማ ስልኩን ከብረት ሣጥኑ አውጥቶ ይደውላል። ምናለ የኔንም ቢያስገባልኝ?»

ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ተኳሿ፣ እንደ ወንድሟ «አልተኮስንም» ብላ ቃሏን የሰጠችው የመሐንዲሱ ታናሽ እህት፣ ቀና ብላ አላየችም።

«ያረፈ ድሮን በእግሩ ይቆማል» አለች መርማሪዋ። «የናንተዎቹ ግን እግራቸው ተሰባብሮ በጀርባቸው ወድቀዋል። የዘበኛው ስልክና የሟቹ የልብ መሣሪያ በጨረሩ ተቃጥለዋል፤ የእርስዎ ስልክ ግን ጨረር የማያሳልፍ ብረት ሣጥን ውስጥ ስለነበረ ተርፏል። ባልተተኮሰ ቀን ስልክ ምን ብሎ ይታሸጋል?»

«ልማድ ነዋ። ቁልፉ ግን አንገቱ ላይ ነበር።»

የሟቹን ቁልፍ ይዛ ከበሩ አጠገብ ያለው ሦስተኛው የቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ልትከተው ሞከረች። አልገባም አለ። በወረንጦ ቆፍራ የናስ ስባሪ አወጣች።

«ይሄ አስመስለው ያስቀረጹት ነው፤ በችኮላ ሲነቅሉት ተሰበረ። እህትዎ ከተኳሽ ወንበሯ ሆና እዚህ አትደርስም። ዘበኛው ውጭ ነበሩ። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

መሐንዲሱ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሽማግሌው ቁልፉን ሻይ ቤትም፣ ቤቱም ይዞት ይሄድ ነበር። ስንቴ ገትሮናል መሰለዎት? በኋላማ ቁልፉ ከቦታው ሲጠፋ ሜዳ ላይ ነው ብለን ማሰቡን ተውነው። ትርፍ አስቀረጽኩ። ዛሬም ሻይ ሊጠጣ የወጣ መስሎኝ ነው... ብናገር ነገ ሙከራ የለም። የዕድሜዬ ልፋት ነው።» ወደ እህቱ ዞረ። «አንቺ አረንጓዴ መብራት አይተሽ ነው የተኮስሽው፤ ጥፋት የለብሽም። አልተኮስንም ብለሽ ከተናገርሽ ወዲያ ግን ቃልሽን ብታጥፊ አብረን ነው የምንታሰረው።»

እህቱ ከወንበሯ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ነገ እነዚያ ወታደር ልጆች ያን መብራት አምነው ነው የሚቆሙት» አለችው። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ቃሌን እለውጣለሁ። ጻፊ፤ የተኮስኩት እኔ ነኝ።»