የቀትር መዶሻ

መኪና የሌለው ሰው ጋራዥ ሲያሳድስ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ዝም ብሎ አያልፍም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸው ሲሞቱ ፔጆዋን ሸጠዋታል፤ ጋራዡም የተሰበረ ወንበርና የባዶ ጀሪካን ማከማቻ ከሆነ ቆይቷል። በ1981 ዓ.ም. ግን ድንገት ብድግ ብለው አናጺ ጠሩ። የመኪናው መግቢያ ይደፈን፣ መስኮት ይውጣለት፣ ከላይ ቆጥ ይሠራና በኮርኒስ ይሸፈን አሉ።

ጎረቤት ሲጠይቅ መልሳቸው አንድ ነበር።

«የሺአረግ ስትዳር የምትገባበት ነዋ!»

ልጃቸው የሺአረግ እንኳን ባል የባል ወሬም አልነበራት። እውነቱ ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ ከየመንገዱና ከየቤቱ ይታፈስ ነበር፤ ቆጡም የሚሠራው ታናሽ ወንድሟን ሣህሉን ለመደበቅ ነው። ይህን ከሦስቱ በቀር ማንም እንዲያውቅ አልተፈለገም፤ አናጺውም ቢሆን።

አናጺው ዒጋል ይባላል። የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ ሶማሌ፣ ረጅምና ቀልደኛ ነው። ምስጢሩን ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ምን ሊቀመጥበት ነው?»

«ሻንጣ ነው ልጄ።»

«ርዝመቱስ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «አንተን ያህል ይሁን። እስቲ ጋደም በልና ልየው።»

ዒጋል ጣውላው ላይ ተጋደመ። «አቦ፣ እማማ፣ ይሄ ሻንጣ ያንኮራፋል እንዴ? አየር ማስገቢያ ልተውለት ብዬ ነው።»

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው የሺአረግ ሳቋ አመለጣት። እሱም እንደተጋደመ ዞር ብሎ አያት። ሥራ ያለበት ሰው ከሚያየው በላይ ቆይቶ አያት፤ እሷም መሄድ ሲገባት አልሄደችም።

ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል። በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጤና የለውም። ዒጋልም እንደ ሰው ሁሉ ቤቱ ሄዶ ይተኛ ነበር። አትሂድ ያለችው የሺአረግ ናት። ከቢሮ ለምሳ የምትመጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ እናቷ የሚተኙትም በዚያው ሰዓት።

ችግሩ የወይዘሮ ጥሩወርቅ እንቅልፍ ቀላል መሆኑ ነበር። መዶሻው ሲመታ ሥራው እየሄደ ነው ብለው ደህና ይተኛሉ። ዝም ሲል ግን ከመኝታቸው ላይ ሆነው «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ይላሉ። ስለዚህ ዒጋል በአንድ እጁ ባዶ ጣውላ ይደበድባል፤ ሁለተኛው እጁ የየሺአረግን እጅ ይይዛል። ፍቅራቸው እንዲህ ነው ያደገው፣ በመዶሻ መሐል በሚነገር ሹክሹክታ።

«አልጋውን የት እናድርገው?» ይላታል። ጣውላውን ይመታል።

«ከመስኮቱ ሥር።»

«ፀሐይ ይገድለናል።»

«እንግዲያው ከበሩ በስተቀኝ። መጋረጃው አረንጓዴ ይሁን።»

«እሺ። አረንጓዴ።»

በሐሰት የተወራውን የሙሽራ ቤት ሁለቱ ብቻ እውነት አድርገው ይኖሩበት ነበር። ግን ሞኞች አልነበሩም።

«የአንተን ሃይማኖት ብቀበል እማዬ ትሞታለች» አለችው አንድ ቀን።

«እኔም ያንቺን ብቀበል እናቴ ትሞታለች። በሁለት ለቅሶ መሐል ምን ዓይነት ሰርግ ይደገሳል?»

 መዶሻው ዝም አለ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከውስጥ። ዒጋል ቶሎ ብሎ መደብደቡን ቀጠለ።

ሌላ ቀን ደግሞ የሺአረግ ቀና ብላ ቆጡን አየችና «አስፋው» አለችው።

«ለምን?»

«ሁለት ሻንጣ እንዲይዝ። አንተን የሚደብቅህ ማን አለ?»

ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ዐይኗን ሲያይ ተወው። ቆጡን እስከ ግድግዳው ድረስ አሰፋው። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ እንጨት ተርፎኝ ነው አላቸው። ከዚያ በኋላ የሺአረግ ቢያንስ አንድ ነገር አገኘች። ባሌ አይሆንም፣ ግን በሕይወት ይኖራል ብላ አሰበች፤ በዚያም ልትጽናና ሞከረች።

ሥራው ሊያልቅ የቀረው የመስኮቱ ክፈፍ ብቻ ነበር። ቀኑ ሞቃት ነው፤ ነፋስ የሚባል የለም። ዒጋል ባዶ ጣውላ እየደበደበ ስለማይመጣው ነገር ሲያወሩ ሣህሉ በካልሲ ከቤት እየሮጠ መጣ።

«አብዮት ጥበቃ! መንገዱን ዘግተውታል!» አለና በመሰላሉ ወጥቶ ቆጡ ላይ ገባ።

የሺአረግ ዒጋልን ገፋችው። «ውጣ! ተከተለው፣ ቦታ አለ!»

ዒጋል መደብደቡን አላቆመም። በመዶሻው መሐል፣ እንደለመዱት፣ በሹክሹክታ ነገራት።

«ድምፁን ሰምተውታል የሺ። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ እዚህ ብቻ መዶሻ ይመታል። ሲገቡ መዶሻውን አግኝተው መቺውን ካጡት ቤቱን ያፈርሱታል። ወንድምሽ እዚያ ነው ያለው።»

«ዒጋል...»

«ወላሂ፣ ሌላ መንገድ ቢኖር እኔም ፈሪ ነኝ።»

በአንድ እጁ መሰላሉን ከቆጡ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። የግቢው በር ተንኳኳ፤ ቀጥሎ ተበረገደ። ሦስት ታጣቂዎች ገቡ። ዒጋል መሰላሉ ላይ ቆሞ ክፈፉን እየመታ ነበር።

«ቀትር ላይ የማይተኛ ጎበዝ አለ ብለውን ነው» አለ ፊት የቀደመው እየሳቀ። «ለእናት ሀገር እንዳንተ ያለው ነው የሚፈለገው። ውረድ።»

የሺአረግ አፏን ከፈተች። የምትለው አላጣችም። «ተዉት፣ የኔ ነው» ማለት ፈልጋለች፤ መጮህ፣ እጁን መያዝ ፈልጋለች። ታጣቂዎቹ ግን ኮርኒሱ ሥር ቆመዋል፤ ቀና ለማለት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ምክንያት የምትሰጣቸው እሷ ብቻ ነች። ዝም አለች። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስ እንደዚያ ዝምታ የከበዳት ነገር አልነበረም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የነቁት መዶሻው ሲያቆም ነው። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ብለው ተጣሩ። የመለሰላቸው አልነበረም።

በማግስቱ የታፈሱት ወጣቶች በተያዙበት አዳራሽ ደጃፍ ምግብ ይዛ ሄደች። በሽቦው አጥር በኩል አየችው። ፀጉሩ ተላጭቷል፤ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ታያት።

«በኔ ነው» አለችው። «ብትተኛ ኖሮ...»

«ብተኛ ኖሮ አንቺን መቼ አገኝሽ ነበር?»

«እጠብቅሃለሁ።»

«አትጠብቂኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው። «ብመለስስ ምን ይለወጣል? እናቶቻችን እንደሆኑ አይለወጡም።»

«ተመለስ ብቻ። ሌላው ይቅር። መንገድ ላይ እያየሁህ እኖራለሁ።»

እሱም አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰች። ዘበኛው ጊዜ አልቋል አለ። ያመጣችውን ምግብ ሳያስገባላት ቀረ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ በየመንገዱ እየተጎተተ ገባ፤ የሺአረግ ምድር ባቡር ጣቢያው በር ላይ እየቆመች የሁሉንም ፊት አየች። ዒጋል አልነበረም። ከሱ ጋር ሄዶ የተመለሰ አንድ ልጅ ሰሜን ላይ ተለያየን አለ፤ ተጨማሪ ስትጠይቀው ዐይኑን ከዐይኗ አሸሸ። ሣህሉ ሚስት አገባና በጋራዡ በተሠራው ቤት ገባ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስለዚያ አናጺ በየጊዜው ይጸልያሉ፤ ለልጃቸው ምን እንደነበር ግን አያውቁም።

የሺአረግ መጋላ ሄዳ እናቱን ኻድራን መጠየቅ ጀመረች። ልጅዎ ሲሠራበት የነበረው ቤት ልጅ ነኝ አለቻቸው፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ኻድራ ወደዷት። «ሆዮ» ይሏታል፣ እናት ልጇን በሶማሊኛ እንደምትጠራው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠጋ አሉና እጇን ያዙ።

«ሆዮ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ። ዒጋል ሲመጣ ቶሎ ልድረው ነው። ሰው ከጦርነት ሲመጣ ብቻውን አይተውም። ሦስት ልጆች አይቻለሁ፤ ሁሉም የኛው ናቸው፣ የደህና ሰው ልጆች። አንቺ ደግሞ ቤታችሁ ሲሠራ አይተሽዋል፣ ጠባዩን ታውቂያለሽ። የቷ ትሆነዋለች?»



«እስቲ ይንገሩኝ እማማ» አለች የሺአረግ። «ስለ መጀመሪያዋ ይንገሩኝ።»

ኻድራ ደስ ብሏቸው ጀመሩ። የሺአረግ የሦስቱንም ወሬ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ በአንዷም ላይ ክፉ አልተናገረችም። በመጨረሻ ሁለተኛዋን መረጠችለት።