በጠራራ ፀሐይ እሹሩሩ

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። «የጓደኛዬ ጓደኛ ነገረችኝ» የሚባል ነገር የለውም።

ሊጌሪ እባላለሁ። አይቻለሁ። ሰምቻለሁ።

«ነፋስ ነው» ብላችሁ ከስር ልትጽፉ ጣታችሁን ያሾላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከእናንተ ዓይነቱን አንዱን አግብቼዋለሁ፤ ጠባያችሁ አይጠፋኝም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም። ዝናብ የለም። ጠራራ ፀሐይ...

ቦታው የባሌ አገር ማኒ፣ ከባሕሩ በላይ ያለ የድንጋይ መንደር። ወሩ ሐምሌ። በዚያ ሰዓት መንደሩ በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ዛፍ ላይ ያሉት ፌንጣ መሳይ ነፍሳት ብቻ ጆሮ እስኪበሱ ይጮኻሉ። በዚያ ሰዓት ስምህ ሲጠራ ብትሰማ አቤት አትበል ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

እኔ ሽማግሌ ያለውን ሁሉ የማምን ሴት አልነበርኩም።

ልጄ ገና የሳምንታት ልጅ ነው። ስላልተጠመቀ ስም የለውም። መንደርተኛው «ዘንዶው» ይለዋል፤ ያልተጠመቀ ወንድ ልጅ ሁሉ እዚያ ዘንዶ ነው። ካላማታ ከተማ ያለው ቤታችን በሙቀት ምድጃ ሲሆንብን ባሌ «እናቴ ጋ እንሂድ፣ እዚያ አየር አለ» አለ።

ባሌ ኢራክሊስ ይባላል። የጀግና ስም ነው። ዶሮ ይፈራል።

አየሩስ ጥሩ ነበር። አየሩን የሚያበላሹት ሰዎቹ ናቸው።

አማቴ ፓናጉላ ናካውን ሰቅላ ጠበቀችን። ናካ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ የሕፃን ዥዋዥዌ ነው፤ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት በሁለት ገመድ ይንጠለጠላል። ውስጡ አጎዛ አንጥፋበታለች። ፀጉሩ እንደ ሣር የረዘመ የበግ አጎዛ።

«በሆዱ አስተኚው፣ ሙሽሪት» አለችኝ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ። «አጎዛው ላይ በሆዱ። ከዚያ አንዴ ገፋ ታደርጊና ሥራሽን ትሠሪያለሽ።»

«እንደዚያ አይደለም፣ እማማ» አልኳት። «ቀስ ተደርጎ ይወዛወዛል፣ ዓይኑ ሲከብድ ይቆማል። ከዚያ ከዥዋዥዌው ወጥቶ ጠፍጣፋ አልጋ ላይ፣ በጀርባው። ትራስ የለም፣ አጎዛ የለም። ዶክተሯ ነግራኛለች።»

«ዶክተሯ ስንት ወልዳለች?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ ሰባት!»

«ሰባት ወለዱ። ያሳደጉት ግን አምስት ነው» አልኳት።

ኢራክሊስ ሳል ሳይኖርበት ሳለ።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ልጁን ናካው ውስጥ አስገብቼ ቀስ እያልኩ አወዛወዝኩት። ዓይኑ ሲከብድ አውጥቼ አልጋው ላይ በጀርባው አጋደምኩትና ወደ ጎን ክፍል ሄጄ ወደቅኩ። አራስ ናችሁ፣ ወይም ነበራችሁ፤ ድካሙን ታውቁታላችሁ።

ብዙም ሳይቆይ ማልቀስ ጀመረ።

እግሬ እንቢ አለኝ። ልነሣ ስል...

ቂው...

...ቂው...

የገመዱ ድምፅ። ቀስ ያለ። አንዱን ሳያፋጥን፣ ሌላውን ሳያዘገይ።

ልቅሶው ወደ ማጉረምረም ወረደ። ከዚያ ጠፋ። ገመዱም ቆመ።

ተነሥቼ ስገባ ልጁ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። አንሶላው ያለ አንዲት ሽብሽብ ተወጥሯል። አጎዛው ከናካው ወጥቶ፣ ተጣጥፎ ወንበር ላይ።

አሮጊቷ ተማረች ማለት ነው ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

በነጋታውም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን። አማቴ አጎዛውን ወደ ናካው ትመልሳለች፣ ስምንት ሰዓት ላይ አጎዛው ወንበር ላይ ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ ግር ይለኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ይሸተኛል። በሐምሌ... ለወራት ዝናብ ባልነካው አገር።

አንድ ምሳ ላይ ቂሜን ዋጥ አድርጌ አማቴን አመሰገንኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። እንዳልኩዎት ስላስተኙልኝ።»

ፓናጉላ ዳቦዋን የቲማቲም መረቅ ውስጥ እንደነከረች ቀረች።

«እኔ? እኔ በዚያ ሰዓት ይሄን የሚያመኝን ጉልበቴን ዘርግቼ ነው የምተኛው። አንቺ መስለሽኝ።»

ሁለታችንም ወደ ኢራክሊስ ዞርን።

ኢራክሊስ አፉ ሙሉ አይብ ነበር። እኔን አየ። እናቱን አየ። አይቡን ዋጠ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? እኔ ነኛ!»

«አንተ?»

«አባት አይደለሁም እንዴ?»

እናቱ ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው። እኔም፣ ሞኟ፣ ደስ አለኝ። ማታውን ቡና ቤት ደጅ ላይ ተቀምጦ ለመንደሩ ወንዶች ሲያስተምር በጆሮዬ ሰማሁት።

«ዋናው የእጅ አንጓ ነው» ይላል። «መግፋቱ አይደለም፣ አመላለሱ ነው።»

ይሄ ሰው የራሱን ካልሲ አመላለስ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው ያየሁት።

ልጁ አለቀሰ። ገመዱ ጀመረ። ቂው... ቂው... እኔ ውሃ ጠምቶኝ ተነሣሁ። ወጥ ቤቱ ትንሽ መስኮት አለው፣ ወደ ግቢው የሚያሳይ።

ኢራክሊስ የበለሱ ዛፍ ሥር ተጋድሟል። አፉን ከፍቶ። ዝንብ ከንፈሩ ላይ ትሄዳለች።

ወደ አማቴ ክፍል ዞርኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ታንኮራፋለች።

ከጀርባዬ...

ቂው...

...ቂው...

ብርጭቆውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። በባዶ እግሬ ሄድኩ። የድንጋዩ ወለል ቀዘቀዘኝ። በሩን በጣቴ ገፋሁት።

ልጁ አልጋው ላይ ነው። በጀርባው። ተኝቷል።

ናካው ባዶውን ይወዛወዛል።

ልብ በሉ፣ የተገፋ ዥዋዥዌ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ነው የሚቆመው። ይሄ አላነሰም። እኔ ደፉን ስረግጥ...

ቀጥ አለ።

በአንዴ። እጅ እንደያዘው።

ልጄን ነጥቄ ወጣሁ። ግቢው ድረስ ሮጬ ባሌን በእግሬ ቀሰቀስኩት።

«ማን ነው የሚያወዛውዘው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«እ? ምኑን?»

«ልጁን! ማን ነው የሚያስተኛው?»

«እኔ ነኝ አላልኩሽም?»

«አሁን ተኝተህ ነበር!»

ዓይኑን አሸ። ሲያፍር ጆሮው ይቀላል።

«በቃ... አንዳንዴ እኔ ነኝ።»

«ኢራክሊስ!»

«አንድም ቀን አልነካሁትም» አለ። «ደስ ያላችሁ መሰለኝና...»

ከዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋሱ ልጅ ያነሣል? ነፋሱ አጎዛ ያጣጥፋል?»

አማቴ በጩኸቴ ነቅታ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። አልደነገጠችም። ከንፈሯን አጣመመች።

«የአራስ ነገር ነው። ራስሽ ታደርጊውና ትረሺዋለሽ። ወተት ወደ ጭንቅላት ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል።»

«ወተት ወደ ጭንቅላት አይወጣም።»

«አንቺ ላይ ወጥቷል።»

ማታውን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ ቤት ውስጥ በእኔ ሐሳብ የሚስማማው፣ ዶክተሯ እንዳለችው የሚያደርገው፣ አንድ እሱ ብቻ ነው። ያ የማላየው...

ደስ አላለኝም።

በነጋታው ካላማታ እመለሳለሁ አልኩ። አውቶቡሱ የሚያልፈው ወደ ማምሻው ነበር። ከምሳ በኋላ ገላዬን ልታጠብ ገባሁ። ልጁን ለባሌ ሰጠሁት።

«ከእጅህ እንዳታወርደው።»

«እሺ።»

«ካወረድከውም አልጋው ላይ። በጀርባው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ሕፃን አደረግሽኝ!»

እኔ ውሃው ሥር ሳለሁ እናትና ልጅ ተማከሩ። በኋላ ነው የሰማሁት። «ዛሬ በሆዱ እናስተኛውና አንተ ቁጭ ብለህ ጠብቅ» አለችው። «ማንም እንደማይነካው ታያለች፣ አፏንም ትይዛለች።» ልጄን አጎዛው ላይ በሆዱ ናካው ውስጥ አጋደሙት። አማቴ አንዴ ገፋ አድርጋ ልትተኛ ሄደች። ኢራክሊስ ወንበር ስቦ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ።

ጠባቂ!

ውሃውን ዘጋሁ።

ጸጥታ።

ገመዱ የለም። ልቅሶ የለም። ዛፍ ላይ ያሉት ነፍሳት... እነሱም ዝም ብለዋል። እዚያ ከመጣን ወዲህ ሰምቼው የማላውቅ ጸጥታ።

ፎጣ ጠምጥሜ ወጣሁ።

ኢራክሊስ ወንበሩ ላይ ተኝቷል። ስልኩ ሆዱ ላይ። ናካው ወደ ታች ተንጠልጥሎ አይንቀሳቀስም። ጨርቁን ገለጥኩት።

አጎዛው ብቻ ነው ያለው።

መሐሉ ላይ የልጄ ፊት የሚያህል ጎድጓዳ አለ። ፀጉሩ በምራቅ ረጥቧል።

አልጋውን አየሁ። ባዶ።

ጮኽኩ መሰለኝ። ወይም አልጮኽኩም። አልጋ ሥር፣ ሳጥን ጀርባ፣ ኮሪደሩ...

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቀዝቃዛ ጥግ አለ። እዚያ ወለሉ ላይ አንሶላ ተነጥፏል። ያለ አንዲት ሽብሽብ። ልጄ በጀርባው ተንጋልሎ እጆቹን ወደ ጎንና ጎን ዘርግቷል።

ከንፈሩ ዙሪያ ሰማያዊ ነበር። እያየሁት... ቀስ እያለ ወደ ቀይ ተመለሰ።

አንሥቼ አቀፍኩት። ይተነፍሳል። ጉንጩ ላይ የአጎዛው ፀጉር ታትሟል። አፍንጫውና አፉ ግን ተጠርጓል። ርጥብ ነው። ከጎኑ ወለሉ ላይ ከአፍንጫው የወጣ የበግ ፀጉር፣ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ተደርድሮ ተቀምጧል።

አማቴ ነቅታ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም አየች። የልጁን ጉንጭ፣ ያንን ፀጉር።

ምላሴ ላይ ስንት ስድብ ተሰልፎ ነበር! ለዓመታት ያከማቸሁት!

እሷ ግን እኔን አላየችኝም። ግድግዳውን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ናካው ሥር በዚያ በምታማርርበት ጉልበቷ ተንበረከከች። አንገቷን ወደ ገመዶቹ ቀና አድርጋ በሹክሹክታ፣ እንደ ጎረቤት ሴት፣

«ያኔስ...» አለች። «ለነዚያ ለሁለቱ ልጆቼስ... የት ነበርሽ?»

ማንን እንዳነጋገረች አልጠየቅኋትም። ስድቤም ጠፋብኝ።

አውቶቡሱን አልጠበቅንም። ጎረቤት በመኪናው አደረሰን፤ ሐኪም ቤት መርምረው ልጁ ደህና ነው አሉ። ኢራክሊስ አለቀሰ፣ ማለ፣ እግሬ ላይ ወደቀ። ታረቅን። ምን ላድርግ? ማን ይወስደዋል?

አማቴ ናካውን በገዛ እጇ አቃጠለችው። አመዱ ሳይቀዘቅዝ ደውላ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሽሪት ብላኝ አታውቅም። በስሜ ነው የምትጠራኝ።

ልጄ አሁን ስም አለው፤ ተጠምቋል። ጠፍጣፋ አልጋው ላይ በጀርባው ይተኛል። እያቀፍኩ ራሴ ነኝ እሹሩሩ የምለው። ካላማታ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ጣሪያው ሲሚንቶ ነው፣ የሚንጠለጠል ገመድ የለም።

አለቀ ብዬ ነበር።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ልጁን አቅፌ ወደ ሳሎን ወጣሁ።

ኢራክሊስ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ሁልጊዜ በሆዱ ነበር የሚተኛው፣ እንደ ተጣለ ጆንያ። ትናንት ግን በጀርባው ነው። እጆቹ ተዘርግተዋል። የሶፋው ትራሶች በሙሉ ወለሉ ላይ።

ደግሞም ይወዛወዛል።

ሶፋው አይደለም። እሱ። ያ ሁሉ ክብደት፣ ግራ... ቀኝ... ግራ... በጣም በቀስታ።

«ኢራክሊስ» አልኩት በሹክሹክታ።

አልነቃም።

ልጄ እቅፌ ውስጥ አንገቱን አቃና። አባቱን አላየም። ከአባቱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየና በድዱ ፈገግ አለ፤ የሚያውቀውን ሰው እንዳየ።

ያ ጢማም ባሌ ደግሞ እየተወዛወዘ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ አውራ ጣቱን ወደ አፉ ወስዶ መጥባት ጀመረ።