የጋሽ ሸዋንግዛው ብርጭቆ

ኢንስፔክተር ሰኚ መቱ ከተማ ከሚገኘው ቤት ስትደርስ፣ ጡረታ የወጡት የኬሚስትሪ መምህር ጋሽ ሸዋንግዛው መስኮት በሌላት የሙከራ ክፍላቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፉ ሞተው አገኘቻቸው። የፍሎረሰንቱ መብራት እንደበራ ነው። በእጃቸው አጠገብ የብርዝ ቅሪት ያለበት ሰማያዊ ብርጭቆ ቆሟል። ሰኚ አሸተተችው። ከማሩ ሽታ ሥር የተባይ መድኃኒት ሸተታት። በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ብቻዋን ደጅ ላይ ስትሆን ግን ጨርቁን ገለጥ አድርጋ በፀሐዩ አየችው፤ ግንባሯ ተቋጠረ፤ መልሳ ሸፈነችው።

በቤቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የሟች እህት እትዬ ወርቅውሃ እንባቸውን እየጠረጉ ቀረቡ።

«ብርዙን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያው ማሰሮ እኔም ጠጥቻለሁ። ረዳቱ ገለኔ ቀድታለት ጓሮ በረንዳው ላይ እንዳስቀመጠችው፣ እንስራ አውርጂልኝ ብዬ ወደ ጓዳ ጠራኋት። ተመልሳ አስገባችለት።»

«ስለዚህ መርዙ ማሰሮው ውስጥ አልነበረም» አለች ሰኚ።

ቀጥሎ የገባው የማር ነጋዴው ደበሳ ነው። በከተማው የሚከበር፣ ሲናገር ሰው ዝም የሚልለት ሰው ነው።

«ጋሼን ልጠይቅ መጥቼ በክፍሉ በር ሳልፍ በዓይኔ አየሁ። ያቺ ልጅ ከኪሷ አንዳች ነገር ጨምራ ሐምራዊውን ብርጭቆ ሰጠቻቸው።»

«ብርጭቆውን ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር?»

«ከየት አውቄ! ጓሮም አልዞርኩም። ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪያት እንጂ!»

«ማሰሩን ለእኔ ይተዉልኝ።»

የጋሽ ሸዋንግዛው የሙከራ ረዳት ገለኔ፣ የሁሩሙ ወረዳ ንብ አርቢ ልጅ፣ ቀና እንዳለች ቆመች። ደበሳ በበሩ በኩል «ይቅርታ ጠይቂ፣ ይቀልልሻል» ሲላት ዞራ አየችው።

«ሂን ሶዳዱ! አልፈራዎትም። ባላደረግሁት ይቅርታ አልጠይቅም!»

ሰኚ የጋሽ ሸዋንግዛውን መሳቢያ ፈትሻ አንድ ወረቀት አወጣች፤ የደበሳን መኪናም አስፈተሸች። ከዚያ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሁሉንም ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበችና ብርጭቆውን ከጨርቁ አወጣች።

«እትዬ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ ነዋ።»

«ተከተሉኝ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ብርጭቆው ፀሐይ ሲነካው ሐምራዊ ሆነ። እትዬ ወርቅውሃ አማተቡ።

«ገለኔ፣ አስረጂልን።»

«መስታወቱ ሲቀልጥ ኒዮዲሚየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ተጨምሮበታል» አለች ገለኔ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ። «ከብርሃን ውስጥ ቢጫውን ያስቀራል። መስታወት በእሳት የሚሠሩ ሰዎች ዓይናቸውን ከነበልባሉ ቢጫ የሚከላከሉበት መነጽር ከዚሁ ይሠራል። ከዱቄቱ የሚወጣው ብረት ደግሞ ለብርቱ ማግኔት ይሆናል። በፍሎረሰንት ሰማያዊ፣ በፀሐይ ሐምራዊ ነው። ጋሼ ተማሪዎቻቸውን የሚያስደንቁት በዚህ ነበር።»

ሰኚ ወደ ደበሳ ዞረች።

«ክፍሉ መስኮት የለውም፤ መብራቱም ፍሎረሰንት ነው። እዚያ ውስጥ ብርጭቆውን ቢያዩት ሰማያዊ ይሉኝ ነበር። ከዛሬ በፊት አላየሁትም ብለዋል። እኔም በጨርቅ ሸፍኜው ነበር። እንግዲህ ሐምራዊ ሆኖ ያዩት እዚህ በረንዳ ላይ፣ ገለኔ ወደ ጓዳ በሄደችበት ጊዜ ብቻ ነው። አልዞርኩም ያሉት ጓሮ ይኸው ነው።»

«በቀለም ሰው ይከሰሳል?»

«በቀለም ብቻማ አይደለም። ጋሽ ሸዋንግዛው ማርዎን መርምረው ስኳር እንደሚቀላቅሉበት ጽፈዋል። ስኳሩን ንብ አርቢዎቹ ጨመሩት ብለው ስማቸውን ሲያጠፉ የኖሩት እርስዎ ነዎት! ወረቀቱ ዛሬ ሁሩሙ ላይ፣ ንብ አርቢዎቹ ፊት ሊነበብ ነበር። ከመኪናዎ ወንበር ሥር የተገኘው የተባይ መድኃኒትም ለምርመራ ሄዷል።»

ከሰኚ ጋር የመጡት ፖሊሶች የደበሳን ክንድ ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ዋጋሽን ታገኛለሽ!» አለ እየተወሰደ።

ገለኔ ወደ ሰኚ ዞረች። «ኢንስፔክተር፣ ወረቀቱ ግልባጭ አለው። ላንብበው ይፈቅዱልኛል?»

«ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ወርቅውሃ።

«አባቴና ጎረቤቶቹ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው፣ እትዬ። ጋሼ ቢኖሩ አይቀሩም ነበር።»

ሰኚ የመኪናዋን በር ከፈተችላት። ሁሩሙ ሲደርሱ ሰዉ አልተበተነም ነበር። ገለኔ ወንበር ላይ ወጣችና፣ የኋለኞቹም እንዲሰሙ ወረቀቱን ጮክ ብላ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች።